የአየር መጭመቂያ ቱቦ አመራረጥና ጥገና በደጋማ አካባቢ ወርክሾፖች

ብልባላ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መስመር ላይ የምትገኝ፣ ብልባላ ቂርቆስና ብልባላ ጊዮርጊስ በተባሉት ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት የምትታወቅ የላስታ አካባቢ ናት። ወደ ይምርሃነ ክርስቶስ ጎብኚዎችን የሚያደርሱ መኪኖች፣ እህልና የግንባታ ዕቃ የሚያመላልሱ አይሱዙዎች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የመስክ ተሽከርካሪዎችና ሞተር ሳይክሎች በዚሁ መስመር ያልፋሉ። ዐቀበትና ቁልቁለት በሚፈራረቅበት ድንጋያማ መንገድ ጎማ ቶሎ ስለሚጎዳ በእንዲህ ዓይነቱ አካባቢ የጎሚስታ አገልግሎት ከነዳጅ ቀጥሎ ለትራንስፖርት እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት አገልግሎቶች አንዱ ነው።

የጎሚስታ ቤትም ሆነ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጋራዥ ዋነኛ መሣሪያው የአየር መጭመቂያው (ኮምፕረሰሩ) ነው። ኮምፕረሰሩ በብዙ ወጪ ከተገዛና ከተተከለ በኋላ ግን ሥራው የሚስተጓጎለው ብዙውን ጊዜ በዋናው ማሽን ብልሽት ሳይሆን ዋጋው ከማሽኑ ጋር በማይነጻጸረው የአየር ቱቦ ምክንያት ነው። ቱቦው ሲቀደድ የጤና ጣቢያ አምቡላንስ ጎማ ሳይነፋ ይቆማል፤ ሳይታሰብ ሲፈነዳ ደግሞ ሠራተኛው ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። መለዋወጫው በአቅራቢያ ካልተገኘ ከወልዲያ፣ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ይሆናል። በመሆኑም ቱቦን በአግባቡ መርጦ መግዛትና በሥርዓት መጠገን ለባለሙያው ብቻ ሳይሆን ለግዥ፣ ለንብረት አስተዳደርና ለቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኃላፊዎችም አስፈላጊ ዕውቀት ነው።

የቱቦው አሠራርና የግፊት መለኪያዎች

የአየር ቱቦ በአብዛኛው ሦስት ንብርብሮች አሉት። የውስጠኛው ንብርብር አየሩን ሳያሳልፍ የሚይዝና ከኮምፕረሰሩ የሚመጣውን የዘይት ጭጋግ የሚቋቋም ነው። መካከለኛው ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ፈትል የተሸመነ ሲሆን ግፊቱን የሚሸከመው ይኸው ክፍል ነው። የውጭው ንብርብር ፈትሉን ከፀሐይ፣ ከድንጋይ፣ ከዘይትና ከመፋተግ ይከላከላል። ስለዚህ የውጭው ልባስ ተቀዶ ፈትሉ የታየበት ቱቦ ምንም እንኳ አየር ባያፈስ ጉልበቱን የሚሸከመው አካሉ ለጉዳት ተጋልጧል ማለት ነው።

ግፊት በገበያ ላይ በሦስት መለኪያዎች ይገለጻል። እነዚህም ባር፣ ፒ.ኤስ.አይ. እና ሜጋ ፓስካል ናቸው። 1 ባር ከ14 ነጥብ 5 ፒ.ኤስ.አይ. ወይም ከ0 ነጥብ 1 ሜጋ ፓስካል ጋር እኩል ነው። በአነስተኛ ወርክሾፖች የሚገኙ ኮምፕረሰሮች በአብዛኛው ከ8 እስከ 10 ባር የሚደርስ ግፊት ይሰጣሉ። የጭነት መኪና ጎማ ከ7 እስከ 8 ባር ያህል ስለሚያስፈልገው ለዚህ ሥራ የሚውለው ቱቦ ግፊቱን ዘወትር የሚሸከም መሆን ይኖርበታል።

በቱቦው ላይ ሁለት የተለያዩ የግፊት አኃዞች ሊጻፉ ይችላሉ። አንደኛው የሥራ ግፊት ሲሆን ቱቦው ዘወትር እንዲሠራበት የተፈቀደለት ከፍተኛ መጠን ነው። ሁለተኛው የመፈንጃ ግፊት ሲሆን አዲስ ቱቦ በፍተሻ ጊዜ የሚፈነዳበት መጠን ነው። ለታመቀ አየር በሚሠሩ ቱቦዎች ሁለተኛው ከመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ 4 እጥፍ ነው። አንዳንድ ሻጮች የመፈንጃውን ግፊት እንደ ሥራ ግፊት አድርገው ሲያቀርቡ ገዢው ይሳሳታል። 40 ባር የተጻፈበት ቱቦ የሥራ ግፊቱ 10 ባር ብቻ ሊሆን ስለሚችል የትኛው አኃዝ እንደሆነ ሳይረጋገጥ ግዥ መፈጸም የለበትም።

ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ይኸውም ወደ 0 ነጥብ 75 ባር ዝቅ ይላል። አየሩ የሳሳ በመሆኑ ኮምፕረሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው የአየር ክብደትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በሰሌዳው ላይ በደቂቃ 300 ሊትር የተጻፈበት ማሽን በላስታ ደጋ የሚያቀርበው አየር በክብደት ሲመዘን በባሕር ወለል ከ225 ሊትር ጋር የሚስተካከል ነው። የአየር መሣሪያዎች የሚፈልጉት የአየር ክብደት ግን በከፍታ ምክንያት ምንም ያህል አይቀንስም። በሌላ አነጋገር ፍላጎቱ እንዳለ ሆኖ አቅርቦቱ በሩብ ይጎድላል።

ሁለተኛው ለውጥ ሙቀት ነው። በባሕር ወለል አየርን ወደ 8 ባር ለማድረስ 9 እጥፍ ያህል ማመቅ በቂ ሲሆን፣ በ2 ሺህ 500 ሜትር ከፍታ ግን ወደ 12 እጥፍ የሚጠጋ እመቃ ያስፈልጋል። ይህም ከማመቂያው የሚወጣውን አየር ይበልጥ ያሞቀዋል፤ ማሽኑም ታንከሩን ለመሙላት ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል። በተጨማሪም የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም በመደበኛነት የሚሰላው እስከ 1 ሺህ ሜትር ላለ ከፍታ በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ የሳሳው አየር ሞተሩን የማቀዝቀዝ ኃይሉ ያንሳል።

ከዚህ የሚገኘው ተግባራዊ ትምህርት በቆላማ አካባቢ እንደ ቀላል የሚታይ የአየር ፍሳሽ በደጋ ሥራ ሊያስቆም እንደሚችል ነው። በቱቦው ላይ ያለ የ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በ7 ባር ግፊት በደቂቃ 70 ሊትር ያህል አየር ያባክናል። የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ደግሞ በደቂቃ 600 ሊትር ያህል ያፈሳል። ይህ በሰሌዳው 300 ሊትር የተጻፈበት አነስተኛ ኮምፕረሰር ከሚስበው አየር እጥፍ ስለሆነ ማሽኑ ያለ ዕረፍት ቢሠራም ግፊቱ ከፍ አይልም። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ደከመ ተብሎ ፒስተኑ እንዲፈታ ከመወሰኑ በፊት ቱቦውና መጋጠሚያዎቹ መፈተሽ አለባቸው።

የውስጥ ስፋትና ርዝመት

ቱቦ ሲመረጥ ወሳኙ ልኬት የውጭው ውፍረት ሳይሆን የውስጡ ስፋት ነው። በገበያ የሚገኙት ዋና ዋና ስፋቶች 6፣ 8፣ 10፣ 13 እና 19 ሚሊ ሜትር ናቸው። በኢንች ሲገለጹ እንደ ቅደም ተከተላቸው 1/4፣ 5/16፣ 3/8፣ 1/2 እና 3/4 ተብለው ይጠራሉ።

አየር በጠባብ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ በመፋተግ ግፊቱን ያጣል። ብክነቱ ከርዝመቱ ጋር በእኩል መጠን ሲያድግ፣ ስፋቱ ሲጠብ ግን እጅግ በፍጥነት ይጨምራል፤ ስፋቱ በግማሽ ቢቀንስ ብክነቱ ወደ 32 እጥፍ ይጠጋል። ለምሳሌ በሰከንድ 10 ሊትር አየር በ7 ባር ግፊት 10 ሜትር በሚረዝም ቱቦ ውስጥ ቢተላለፍ፣ በ13 ሚሊ ሜትር ቱቦ የሚጠፋው ግፊት 0 ነጥብ 1 ባር ያህል ነው። በ10 ሚሊ ሜትር ቱቦ ወደ 0 ነጥብ 4 ባር፣ በ8 ሚሊ ሜትር ቱቦ ደግሞ ወደ 1 ነጥብ 2 ባር ይደርሳል። የብሎን መፍቻው ደካማ ነው እየተባለ የሚቀርበው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው የቱቦ ጥበት ነው።

በዚህ መሠረት ጎማ ለመንፋትና አቧራ ለማራገፍ 8 ሚሊ ሜትር በቂ ሲሆን፣ ለአነስተኛ መኪናዎች የአየር ብሎን መፍቻና ለቀለም መርጫ 10 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ15 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ 13 ሚሊ ሜትር ይመረጣል። ለከባድ መኪና ቸርኬ የሚያገለግለው ትልቁ የብሎን መፍቻና በመንገድ ሥራ ላይ ዐለት የሚሰብረው የአየር መዶሻ 19 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይፈልጋሉ።

ርዝመትን በሚመለከት ኮምፕረሰሩ ከሥራ ቦታው የራቀ ከሆነ ረጅም ቱቦ ከመዘርጋት ይልቅ በግድግዳው ላይ የብረት ቧንቧ አስተላልፎ ከጫፉ አጭር ቱቦ መቀጠል ይሻላል። ይሁን እንጂ ለዚህ ተግባር ለውኃ መስመር የሚውለውን ደረቅ የፒ.ቪ.ሲ. ቧንቧ መጠቀም አደገኛ ነው። ይህ ቧንቧ በታመቀ አየር ሲሰበር እንደ መስተዋት እየተሰባበረ ስለታም ስብርባሪ ይበትናል። ዚንክ የተቀባ የብረት ቧንቧ ወይም መዳብ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው።

የቁሳቁስ ዓይነት

በአካባቢው ገበያ ዘወትር የሚገኙት ሦስት ዓይነት ቱቦዎች ናቸው። የመጀመሪያው በፈትል የተጠናከረ የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ ነው። ዋጋው ዝቅተኛና ክብደቱ ቀላል ቢሆንም በብርድ ይደርቃል፣ በሙቀት ይለሰልሳል። በላስታ ደጋ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ የቀኑ ፀሐይ ደግሞ ብርቱ በመሆኑ ደጅ የሚያድር የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ ጠዋት ሲዘረጋ እንደ ሽቦ ይጠማዘዛል፤ ሲውል ሲያድርም በመታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው የጎማ ቱቦ ነው። ከባድና ውድ ቢሆንም ሙቀትን፣ የብየዳ ፍንጣሪንና መጎተትን ይችላል፤ በብርድም እንደተለሰለሰ ይቆያል። ለጎሚስታና ለጋራዥ ሥራ በአጠቃላይ ሲመዘን ተመራጭ ነው። የጎማ ጠላቶች ፀሐይ፣ በኤሌክትሪክ ሞተሮች አጠገብ የሚፈጠረው ኦዞንና ነዳጅ ናቸው። ሦስተኛው የፖሊዩሬቴን ቱቦ ሲሆን ቀላል፣ በብርድ የማይደርቅና መፋተግን በሚገባ የሚቋቋም ነው። ነገር ግን ለብየዳ ፍንጣሪና ለጋለ ብረት ሲጋለጥ ይቀልጣል። እንደ ጥቅልል ሆኖ የሚሳበው ቱቦ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚሠራ ነው።

ከማመቂያው ራስ ወደ ታንከሩ የሚሄደው አጭር መስመር ግን ከእነዚህ በአንዱም መተካት የለበትም። በዚያ ቦታ የሚያልፈው አየር ከ150 ዲግሪ ሴልሲየስ ሊበልጥ ስለሚችል መዳብ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ከብረት የተሸመነ ቱቦ ያስፈልጋል።

በቱቦው ላይ የሚነበበው ጽሑፍና ደረጃዎች

ትክክለኛ ፋብሪካ ያመረተው ቱቦ በአካሉ ላይ የአምራቹን ስም፣ የደረጃውን ቁጥር፣ የውስጡን ስፋት፣ የሥራ ግፊቱንና የተመረተበትን ጊዜ የሚያሳይ ጽሑፍ ይኖረዋል። ጽሑፍ የሌለው ቱቦ መነሻው ስለማይታወቅ ለመንግሥት ንብረት መግዛት አይመከርም።

ለታመቀ አየር የሚውሉ የጎማ ቱቦዎች ዓለም አቀፍ ደረጃ አይ.ኤስ.ኦ. 2398 ሲሆን፣ የፕላስቲክ ቱቦዎቹ አይ.ኤስ.ኦ. 5774 ነው። አይ.ኤስ.ኦ. 2398 ቱቦዎችን በሥራ ግፊታቸው 10፣ 16 እና 25 ባር ብሎ በሦስት ይመድባቸዋል። ዘይት በመቋቋም ችሎታቸው ደግሞ ኤ፣ ቢ እና ሲ በማለት ይለያቸዋል። ኤ ዘይትን የማይቋቋም፣ ቢ መካከለኛ፣ ሲ ከፍተኛ የመቋቋም ችሎታ ያለው ነው። በዘይት ከሚቀባ ኮምፕረሰር ጋር የሚሠራ ቱቦ ቢያንስ ቢ መሆን ይገባዋል። አይ.ኤስ.ኦ. 8331 የተባለው ደግሞ ስለ ቱቦ አመራረጥ፣ አቀማመጥ፣ አጠቃቀምና ጥገና መመሪያ የሚሰጥ ነው።

መጋጠሚያና ጥርስ

ከወርክሾፕ ፍሳሾች ብዙዎቹ የሚገኙት በቱቦው አካል ላይ ሳይሆን በመጋጠሚያው ላይ ነው። አንዱ ምክንያት በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት የቧንቧ ጥርስ መኖሩ ነው። እነዚህም የእንግሊዙ ቢ.ኤስ.ፒ. እና የአሜሪካው ኤን.ፒ.ቲ. ናቸው። በ1/4 ኢንች መጋጠሚያ ላይ የመጀመሪያው በአንድ ኢንች ውስጥ 19 ጥርስ ሲኖረው ሁለተኛው 18 አለው። በ1/2 ኢንች ላይ የሁለቱም 14 ነው፤ የጥርሳቸው ማዕዘን ግን 55 እና 60 ዲግሪ በመሆኑ ይለያያል። ሁለቱ ለጥቂት ዙር ስለሚተሳሰሩ የገጠሙ ይመስላሉ። በቁልፍ ሲጠብቁ ግን ጥርሱ ይበላል፤ አየርም ያፈሳሉ። ይህን ጉድለት በቴፍሎን ብዛት ወይም በቃጫ መሸፈን ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። አንድ ወርክሾፕ አንዱን ዓይነት መርጦ ሁሉንም ዕቃ በዚያው ቢያደርግ ችግሩ ከምንጩ ይወገዳል።

ቱቦውን ከመጋጠሚያው የሚያጣብቀው ማሰሪያ (ፋሼታ) ከቱቦው የውጭ ስፋት ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ግፊቱ መጋጠሚያውን ወደ ውጭ የሚገፋበት ኃይል በስፋቱ ካሬ ልክ ያድጋል። በ8 ባር ግፊት በ13 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ኃይሉ 11 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ በ19 ሚሊ ሜትር ላይ ወደ 23 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በመሆኑም ለ19 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆኑ ቱቦዎች ተራ ፋሼታ ሳይሆን በሁለት ብሎን የሚታሰር ጠንካራ ማሰሪያ ያስፈልጋል።

ብልሽትን መለየት

ቱቦ ከሥራ በፊት በዓይንና በእጅ መታየት አለበት። ከላይ እስከ ታች በእጅ ሲዳሰስ እብጠት፣ ስንጥቅ፣ የመለስለስ ወይም የመድረቅ ምልክት፣ የታየ ፈትልና ተጣጥፎ የቀረ ቦታ መኖሩ ይረጋገጣል። ፍሳሽ የሚፈለገው በጆሮና በሳሙና ውኃ ነው። የሳሙና ውኃ በቱቦውና በመጋጠሚያው ላይ ሲቀባ አየር የሚያፈሰው ቦታ አረፋ ያወጣል። በእጅ መዳፍ መፈለግ አይገባም፤ የታመቀ አየር ቆዳን በስቶ ሊገባ ይችላል።

ሌላው ቀላል ፍተሻ ማታ የሚደረግ ነው። ታንከሩ ከተሞላ በኋላ ማሽኑ ይጠፋል፤ የግፊት መለኪያው አኃዝም ይመዘገባል። ምንም መሣሪያ ሳይሠራ ከ30 ደቂቃ በኋላ መለኪያው በጉልህ ከወረደ መስመሩ ያፈሳል ማለት ነው። ቱቦው ከታንከሩ ተለይቶ ፍተሻው ሲደገም ፍሳሹ በታንከሩ ወይም በቱቦው በኩል መሆኑ ይለያል።

ቱቦው አርጅቷል ተብሎ መወገድ የሚገባው በሚከተሉት ሁኔታዎች ነው፦ አካሉ ሲያብጥ፣ ሲታጠፍ በብዙ ቦታ ሲሰነጠቅ፣ በዘይት ተነክሮ ሲለሰልስ፣ ፈትሉ በረጅም ርቀት ሲታይና በአንድ ቱቦ ላይ ከሁለት በላይ ቅጥል ሲያስፈልግ።

የጥገና ቅደም ተከተል

ጉዳቱ በአንድ ቦታ የተወሰነና የቀረው አካል ጤናማ ከሆነ ቱቦውን ቆርጦ መቀጠል ይቻላል። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

1ኛ፦ ኮምፕረሰሩ ይጠፋል፤ የመስመሩ ቫልቭ ይዘጋል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሙሉ በሙሉ ይለቀቃል። ግፊት ያለበትን ቱቦ መፍታት ወይም ማጥበቅ ክልክል ነው።

2ኛ፦ የተጎዳው ክፍል ከግራና ከቀኝ ጤናማው አካል እስኪገኝ ድረስ በስለታም ቢላዋ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። በሰጌቶ የተቆረጠ ጫፍ ፈትሉን ስለሚያሻክርና ብናኝ ስለሚተው አይመረጥም።

3ኛ፦ ከቱቦው የውስጥ ስፋት ጋር የሚመጣጠን፣ ቱቦውን ነክሶ የሚይዝ ጥርስ ያለው የነሐስ መቀጠያ ይዘጋጃል። ለስላሳ የብረት ቧንቧ ቁራጭ ወይም የፕላስቲክ የውኃ መቀጠያ ግፊቱን ስለማይዝ አያገለግልም።

4ኛ፦ ፋሼታዎቹ አስቀድመው በቱቦው ላይ ይገባሉ። ቱቦው እንዲገባ የሳሙና ውኃ ይቀባል። ዘይትና ግራሶ ግን አይቀቡም፤ መጋጠሚያው በኋላ እንዲያመልጥ ያደርጋሉና። የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ ከደረቀ ጫፉን በሙቅ ውኃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ማቆየት ይበቃል፤ በእሳት ማሞቅ ያበላሸዋል።

5ኛ፦ መቀጠያው እስከ መካከሉ ከገባ በኋላ በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ፋሼታ ይታሰራል። ብሎኖቻቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሆኑ ጥብቀቱ ዙሪያውን እኩል ይሆናል። ፋሼታው ቱቦውን እስኪቆርጥ ድረስ መጥበቅ የለበትም።

6ኛ፦ አየሩ በዝግታ ይለቀቃል። በመጀመሪያ በ2 ባር ያህል በሳሙና ውኃ ይፈተሻል፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እስከ ሥራ ግፊቱ ከፍ ይደረጋል። በፍተሻው ጊዜ ማንም ሰው በቅጥሉ አቅጣጫ አይቆምም። ከፍተሻው በኋላ ግፊቱ ተለቆ ፋሼታዎቹ እንደገና ይጠብቃሉ።

በብዙ ቦታ እንደሚታየው ቀዳዳን በአሮጌ ካላማዳሪያ ጥብጣብ ወይም በፕላስተር መጠቅለል ጥገና አይደለም። ጥቅሉ ፍሳሹን ለጊዜው ቢቀንስም የተጎዳው ፈትል ስለማይጠነክር ቱቦው ባልታሰበ ጊዜ ይፈነዳል። ከሁሉም በላይ ጉዳቱን ከዓይን ይሰውራል።

መቀጠል የማይገባቸው ቱቦዎች

ከላይ የተዘረዘረው ዘዴ ለወርክሾፕ አየር መስመር ብቻ የሚያገለግል ነው። የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ቱቦ ሲጎዳ በዚህ መንገድ መቀጠል የለበትም፤ ለመኪናው በተሠራ ሙሉ ቱቦ መተካት አለበት። የላስታን ቁልቁለት በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ያመለጠ ቅጥል የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የኦክስጅንና የአሴቲሊን የብየዳ ቱቦዎችም ለአየር መስመር አይውሉም፤ የአየር ቱቦም በእነርሱ ቦታ አይተካም። በተለይ በዘይት የተነካካ ቱቦ ከኦክስጅን ጋር ከተገናኘ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የአትክልት ማጠጫና የወጥ ቤት ጋዝ ቱቦዎችም ለዚህ ግፊት የተሠሩ አይደሉም።

የሠራተኞች ደህንነት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን ደህንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ በአየር መስመር ላይ ሲተረጎም ቀላልና ርካሽ ጥንቃቄዎችን የሚያጠቃልል ነው።

ያመለጠ ቱቦ እንደ ጅራፍ እየተወናጨፈ በአቅራቢያው ያለውን ሰው ይመታል። በመንገድ ሥራ ላይ በሚውሉ ትላልቅ ቱቦዎች መጋጠሚያ ላይ የማምለጫ መከላከያ ገመድ መታሰር፣ የመቆለፊያው ፒንም መግባት አለበት። በአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤንነት አስተዳደር የግንባታ ደንብ የውስጥ ስፋቱ ከ1/2 ኢንች የሚበልጥ ቱቦ ቢበጠስ ግፊቱን የሚቀንስ መሣሪያ በአየር ምንጩ ላይ እንዲኖረው ይጠይቃል። በዚያው አገር ለጽዳት የሚውል አየር ግፊቱ ከ30 ፒ.ኤስ.አይ. ማለትም ከ2 ባር ያህል በታች እንዲሆን ተደንግጓል። በልብስና በሰውነት ላይ ያለን አቧራ በአየር ማራገፍ በማንኛውም ግፊት ሊፈቀድ አይገባም።

ለጎሚስታ ሥራ ከፍተኛው አደጋ ቀለበት ያለው የከባድ መኪና ቸርኬ ነው። ቀለበቱ በአግባቡ ሳይቀመጥ ጎማው ከተነፋ በታላቅ ኃይል ይወረወራል። ስለዚህ ጎማው በብረት ጎጆ ውስጥ ሆኖ መነፋት፣ የመንፊያው አፍ በራሱ የሚነክስ መሆን፣ ቫልቩና የግፊት መለኪያውም ከጎማው ርቀው በመስመሩ ላይ መገኘት አለባቸው። ሠራተኛው ከቀለበቱ አቅጣጫ ውጭ ለመቆም እንዲችል ቱቦው በቂ ርዝመት ይኑረው። በዚህ ሥራ ላይ ሁለትና ሦስት ሜትር ቱቦ መቆጠብ ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

አያያዝና ዕድሜ

ከታንከሩ ሥር የሚጠራቀመው ውኃ በየዕለቱ መፍሰስ ይኖርበታል፤ በተለይ በክረምት ወራት አየሩ እርጥበት ስለሚበዛው መጠኑ ይጨምራል። ውኃና ዘይት አብረው ወደ ቱቦው ከገቡ የውስጡን ንብርብር ያበላሻሉ፤ መሣሪያዎቹንም ያዝጋሉ። ሥራ ሲያበቃ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይለቀቃል። ቱቦው በምስማር ላይ ሳይሆን በአሮጌ ቸርኬ ወይም በከበሮ ላይ ተጠቅልሎ ከፀሐይ በተከለለ ቦታ ይቀመጣል፤ በምስማር ላይ የተንጠለጠለ ቱቦ በተጣጠፈበት ይሰበራልና። መኪና እንዳይሄድበት መተላለፊያው ላይ በእንጨት ጉድብ ይሸፈናል ወይም ከላይ ይንጠለጠላል።

ለግዥና ለንብረት ክፍሎች

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለቱቦ ግዥ የሚቀርበው ጥያቄ «የኮምፕረሰር ጎማ፣ 20 ሜትር» በሚል አጭር መግለጫ ብቻ ከሆነ አቅራቢው ዝቅተኛውን ዕቃ ቢያቀርብ መጠየቅ አይቻልም። የቴክኒክ መግለጫው የሚከተሉትን ቢያካትት የዕቃው ጥራትም የገምጋሚዎቹም ሥራ ግልጽ ይሆናል፦ የውስጥ ስፋት በሚሊ ሜትር፣ ርዝመት፣ የሥራ ግፊት በባር፣ የመፈንጃ ግፊቱ ከሥራ ግፊቱ ቢያንስ 4 እጥፍ መሆኑ፣ የቁሳቁሱ ዓይነት፣ የዘይት መቋቋም ደረጃ፣ የመጋጠሚያው ጥርስ ዓይነትና ስፋት፣ የምርት ዘመን እና የሚሟላው ደረጃ ቁጥር። ከቱቦው ጋር በመጠኑ የሆኑ መቀጠያዎች፣ ፋሼታዎችና መለዋወጫ መጋጠሚያዎች በአንድ ግዥ ቢካተቱ ወርክሾፑ በአንድ ትንሽ ዕቃ ምክንያት ለሳምንታት ከመቆም ይድናል።

ዕቃው ሲመጣ ተረካቢው በቱቦው ላይ የተጻፈውን ከመግለጫው ጋር ያመሳክራል፤ የውስጡን ስፋት ይለካል፤ ከርዝመቱ ላይ በተለያየ ቦታ በማጠፍ ስንጥቅ መኖሩን ያያል። ከዚያም በሥራ ግፊቱ በሳሙና ውኃ ይፈተሻል። እያንዳንዱ ቱቦ ቁጥር ተሰጥቶት ሥራ የጀመረበት፣ የተጠገነበትና የተወገደበት ቀን በንብረት መዝገብ ቢሰፍር ለቀጣዩ በጀት ዓመት ዕቅድ ተጨባጭ መነሻ ይገኛል። የተወገደ ቱቦ ተቆራርጦ መጣል አለበት፤ ሳይቆረጥ የተጣለ ቱቦ በሌላ ቀን ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላልና።

በቴክኒክና ሙያ ተቋማት የአውቶሞቲቭ ሠልጣኞችም የኮምፕረሰሩን ሞተርና ፒስተን ከመማር ጎን ለጎን የቱቦ ቅጥልን፣ የፍሳሽ ፍተሻንና የጥርስ ልዩነትን በተግባር ቢለማመዱ ወጪው አነስተኛ ነው። ከተቋማቱ ወጥተው በማኅበር ተደራጅተው የጎሚስታና የጋራዥ ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች ለማሽን የሚወስዱትን ብድር ሠርተው የሚከፍሉት ማሽኑ ሳይቆም ሲሠራ ነው። እንደ ብልባላ ከትላልቅ የመለዋወጫ ገበያዎች በራቁ አካባቢዎች ደግሞ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አንድ ትርፍ ቱቦ፣ ሁለት መቀጠያና ስምንት ፋሼታ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ የሚያስችል መጠባበቂያ በመሆኑ በየወርክሾፑ ሊሟላ ይገባል።